የሚረጋ ዘይት ደም ሥር ውስጥ አይረጋም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው

«የሚረጋ ዘይት አትብሉ፣ ደም ሥር ውስጥ ሄዶ ይረጋል» የሚለውን ምክር ያልሰማ የአዲስ አበባ ሸማች አይገኝም። ቀን ፈሳሽ የነበረው ጀሪካን በማግስቱ ጠዋት ነጭ ሆኖ ጠጥሮ ያየ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይሠራም። የምንበላው ስብ ሳይፈርስ ደም ውስጥ አይገባም፤ የሰውነታችን ሙቀትም 37 ዲግሪ እንጂ የጓዳ ቅዝቃዜ አይደለም። በገበያችን በብዛት የሚረጋው የፓልም ዘይት ጉዳት እውነት ቢሆንም ምክንያቱ መርጋቱ አይደለም። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው «ካልረጋ ምንም አይለኝም» ብሎ ፈሳሹን በጭልፋ የሚጨምር፣ ያንኑ ዘይት እየደጋገመ የሚጠብስበትም ሰው ስለበዛ ነው።

የምግብ ዘይት፣ ቅቤና ጮማ በኬሚስትሪ ዓይን ሲታዩ አሠራራቸው አንድ ነው። ግሊሰሮል የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ላይ ሦስት የፋቲ አሲድ ሰንሰለቶች ተያይዘዋል፤ ይህ ሙሉው አካል ትራይግሊሰራይድ ይባላል። ልዩነቱ ያለው ሰንሰለቶቹ ላይ ነው። አብዛኞቹ 16 ወይም 18 ካርቦን አላቸው። እያንዳንዱ ካርቦን መያዝ የሚችለውን ያህል ሃይድሮጂን ከያዘ ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ሳቹሬትድ የሚባለው ይህ ነው። በሁለት ካርቦኖች መካከል ድርብ ትስስር ካለ ግን ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይታጠፋል። አንድ ድርብ ትስስር ያለው ሞኖአንሳቹሬትድ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያለው ፖሊአንሳቹሬትድ ይባላል።

መርጋትና መፍሰስ የሚመጣው ከዚህ መታጠፍ ነው። ቀጥ ያለ ፍልጥ ተጠጋግቶ ይከመራል፣ ጎባጣው ግን ክፍተት ይተዋል፤ ሰንሰለቶቹም እንደዚያው ናቸው። 18 ካርቦን ያለው፣ ድርብ ትስስር የሌለው ስቴሪክ አሲድ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ነው። አንድ ድርብ ትስስር ሲገባበት ኦሌይክ አሲድ ይሆናል፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። ሁለት ያለው ሊኖሌይክ ከዜሮ በታች 5፣ ሦስት ያለው አልፋ ሊኖሌኒክ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የካርቦኑ ቁጥር አልተነካም፤ የተለወጠው ድርብ ትስስሩ ብቻ ነው።

ድርብ ትስስር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ኦክስጅን የሚያጠቃው በድርብ ትስስሮቹ አጠገብ ያሉትን ካርቦኖች ነው፤ በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ያለው ካርቦን ደግሞ ሃይድሮጂኑን በጣም በቀላሉ ይለቃል። ሊኖሌይክ ከኦሌይክ 10 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይበላሻል፤ አልፋ ሊኖሌኒክ ደግሞ 20 እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ለልብ የሚሻለው ዘይት እሳት ላይና መደርደሪያ ላይ ቶሎ የሚጎዳው ዘይት ራሱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ተግባራዊ ነገር በሙሉ ከዚህ ይመነጫል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ምግቡ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ስቡን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበትነዋል። ከቆሽት የሚመጣው ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ከሦስቱ ሰንሰለቶች ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን ይቆርጣል፤ መሐለኛው ከግሊሰሮሉ ጋር ይቀራል። ቁርጥራጮቹ የአንጀቱን ግድግዳ አልፈው እዚያው ሴሎች ውስጥ እንደገና ይገጣጠማሉ፣ በፕሮቲንና በፎስፎሊፒድ ይሸፈናሉ፣ ካይሎማይክሮን የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች ሆነው በሊምፍ ቧንቧ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። ጀሪካን ውስጥ የነበረው ዘይት እንዳለ ሄዶ ደም ሥር ውስጥ የሚጠጥርበት መንገድ የለም።

ታዲያ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? ከጉበት። የጉበት ሴሎች ኤልዲኤልን፣ «መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለውን፣ ከደም የሚያነሡባቸው ተቀባዮች አሏቸው። ሳቹሬትድ ፋት ሲበዛ፣ በተለይ 12፣ 14 እና 16 ካርቦን ያላቸው ሎሪክ፣ ማይሪስቲክና ፓልሚቲክ አሲዶች ሲበዙ፣ የተቀባዮቹ ሥራ ይዳከማል፤ ኤልዲኤሉም ሳይነሣ ደም ውስጥ ይቆያል። የቆየው ኤልዲኤል የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይከማቻል፣ የመከላከያ ሴሎች መጥተው ይውጡታል፣ ሂደቱ በዓመታት ውስጥ ቧንቧውን ያጠበዋል። ሊኖሌይክ አሲድ በተቃራኒው ተቀባዮቹን ያበረታታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ባወጣው ቀመር ሳቹሬትድ ፋት የደም ኮሌስትሮልን የሚጨምርበት መጠን ፖሊአንሳቹሬትድ ከሚቀንስበት መጠን እጥፍ ገደማ ነው።

«የሚረጋ ይረጋል» የሚለውን እምነት የሚያፈርሰው ትልቁ ማስረጃ ስቴሪክ አሲድ ነው። በ69 ዲግሪ የሚቀልጠው፣ ከነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠጥረው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ኤልዲኤልን ያን ያህል አያነሣም፤ ሰውነት ከፊሉን ወደ ኦሌይክ አሲድ ስለሚለውጠው ነው። በአንጻሩ የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ ሞቃት አገር ውስጥ ፈሳሽ ነው፣ ከ80 በመቶ በላይ ግን ሳቹሬትድ ስለሆነ ኤልዲኤልን በደንብ ያነሣል። በየማኅበራዊ ሚዲያው እንደ መድኃኒት የሚወራለትን ያህል አይደለም፤ ለዕለት ምግብ አልመክረውም።

በገበያችን ያሉት

ፓልም ዘይት 44 በመቶ ገደማ ፓልሚቲክ፣ 40 በመቶ ገደማ ኦሌይክ፣ 10 በመቶ ሊኖሌይክ ነው። ሳቹሬትዱ ተደምሮ ግማሹን ይይዛል። ብዙ ሰው የረጋው ዘይት በፋብሪካ «ኬሚካል ተጨምሮበት» የጠጠረ ይመስለዋል፤ ፓልም ግን በተፈጥሮው እንዲህ ነው። ፋብሪካው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ ዘይቱን ቀስ ብሎ ያቀዘቅዘዋል፣ የጠጠረውን ክፍል አጣርቶ ያስቀረዋል፣ ፈሳሹን «ፓልም ኦሌን» ብሎ ያሽጋል። ይህ ፈሳሽ ድሬዳዋ ላይ ጥርት ያለ ነው፤ በአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት ግን ሊደፈርስ ይችላል። ሳቹሬትዱ አሁንም 45 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑ ላይ «ፈሳሽ» ወይም «የአትክልት ዘይት» የሚለውን ትታችሁ የይዘት መግለጫው ላይ «ፓልም» የሚል ቃል መኖሩን ፈልጉ።

«ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ እውነት ሆኖ ምንም የማይነግር ነው። በማንኛውም የአትክልት ዘይት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለአብዛኛው ሰው የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ የሚያነሣው ከምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ሳይሆን ሳቹሬትድና ትራንስ ፋት (ምንነቱን ከታች እገልጸዋለሁ) ነው። መግለጫው ካለ ማየት ያለባችሁ የሳቹሬትዱን ቁጥር ነው፤ ከ100 ግራም ውስጥ 10 እስከ 15 ግራም ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ40 በላይ ከሆነ ፓልም ነው ብላችሁ አስቡት።

መግለጫ ከሌለው በትንሽ ብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ፓልም ኦሌን ይደፈርሳል ወይም ይጠጥራል፤ የተጣራ የሱፍ አበባ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ጥርት እንዳለ ያድራል። ይህ ሙከራ የሚያሳስትበት ሁኔታ አለ፦ የወይራ ዘይትም ፍሪጅ ውስጥ ይረጋል፣ ያልተጣራ የኑግ ዘይትም በውስጡ ባለው ሰም የተነሣ ሊደፈርስ ይችላል። ሙከራው የሚጠቅመው «የሱፍ አበባ» ተብሎ የተሸጠላችሁን የተጣራ ዘይት ለመጠርጠር ነው።

የኑግ ዘይት ከእኛው ማሳ የሚወጣ፣ ከፖሊአንሳቹሬትድ ዘይቶች ፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ኑግ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። የባሕላዊው ሱፍ ዘይት ይቀርበዋል፤ «የፈረንጅ ሱፍ» የሚባለው የሱፍ አበባ በአብዛኛው 60 በመቶ አካባቢ ነው፣ ዝርያው ኦሌይክ እንዲበዛበት ከተዳቀለ ግን ኦሌይኩ ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። ሰሊጥ ኦሌይክንና ሊኖሌይክን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ሰሳሞል የመሰሉ የራሱ መከላከያዎች ስላሉት ቶሎ አይከረፋም። የወይራ ዘይት 70 በመቶ ገደማ ኦሌይክ ነው።

ጎመን ዘር የተለየ ጉዳይ አለው። የአገራችን ጎመን ዘር ዘይት 40 በመቶ ገደማ ኤሩሲክ አሲድ አለው፤ ይህ አሲድ በብዛት በተመገቡት የላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የልብ ጡንቻ ውስጥ ስብ እንዲጠራቀም አድርጓል። ካናዳውያን በ1970ዎቹ ተመሳሳይ ዝርያን አዳቅለው ኤሩሲኩን ከ2 በመቶ በታች አወረዱት፤ ዛሬ ካኖላ የሚባለው እሱ ነው። ስለዚህ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ «ካኖላ ጎመን ዘር ነው» ሲባል ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ነው፣ ዘይታቸው ግን ለየቅል ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ማሰስ ግን አያስፈራም። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ዘይቱ የጋለ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ጠንካራ ሽፋን ይሠራሉ፣ እንጀራው የማይዘውም በዚህ ነው። መጥበሻ ጠርዝ ላይ የሚጋገረው ሙጫ መሰል ቡናማ ነገር የሚሠራውም በዚያው ሂደት ነው፤ እዚያ ግን ችግር ነው፣ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ስንት ነው የሚበዛው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ጠቅላላ ስብ ከዕለቱ ኃይል 30 በመቶ፣ ሳቹሬትድ 10 በመቶ፣ ትራንስ 1 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። ስብ በግራም 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ሳቹሬትዱ 22 ግራም ገደማ ነው።

ይህን ወደ ወጥ ቤት እናምጣው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 13 ግራም ገደማ ሲሆን 8 ግራሙ ሳቹሬትድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም ዘይት ወደ 7 ግራም አለው። የሱፍ አበባ ዘይት አንድ ግራም ተኩል አካባቢ። አምስት ሆነው በወር 5 ሊትር የሚጨርሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ሊትሩ 915 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ለአንድ ሰው በቀን 30 ግራም ይደርሰዋል። ዘይቱ ፓልም ከሆነ ከዘይቱ ብቻ 15 ግራም ሳቹሬትድ ገባ ማለት ነው፤ ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ገና ነው። የሱፍ አበባ ቢሆን ከ4 ግራም አያልፍም። በካሎሪ ግን ሁለቱም ያው ናቸው፣ 270 አካባቢ። «ጥሩ ዘይት ነው» ብሎ በላይ በላይ ማፍሰስ ውፍረትን አያስቀርም።

ለበዓል ዶሮ ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ ገብቶ ለ12 ሰው ቢደርስ፣ ለአንዱ 26 ግራም ሳቹሬትድ ይሆናል፤ የቀኑን ልክ በአንድ ማዕድ አለፈ ማለት ነው። በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ከሆነ እኔ አልጨነቅበትም። ሚዛኑን የሚወስነው የማክሰኞው ሽሮ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልታችሁ፣ ውኃውን እየጠጣ ሲለሰልስ ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሂሳብ ጨምሩ። ወጡ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ አልበሰለም የሚለው ልማድ የዘይቱን መጠን ሁለት እጥፍ ያደርገዋል። መንሳፈፉ የሚያሳየው ውኃው መትነኑንና ዘይቱ መለየቱን ነው፤ ትንሽ ዘይት የገባበትም በደንብ ሲበስል ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ያሳያል።

ዘይትን ጨርሶ ማስቀረትም ትክክል አይደለም። ሊኖሌይክና አልፋ ሊኖሌኒክ አሲዶችን ሰውነት መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግዴታ ነው። በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲንም፣ ቫይታሚን ኢ እና ኬም ያለ ስብ በደንብ አይመጠጡም። ሳቹሬትዱን ቀንሶ ቦታውን በስኳርና በነጭ ዳቦ መሙላትም ለልብ ጥቅም አያመጣም፤ ጥቅሙ የሚታየው ቦታውን አንሳቹሬትድ ዘይት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል ሲይዘው ነው።

ቅቤ ሲነጠር

ለጋ ቅቤ ከስቡ ሌላ ውኃ፣ የወተት ፕሮቲንና ጥቂት ስኳር አለው። ውኃው ባለበት ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ፤ የነሱ ኢንዛይም ትራይግሊሰራይዱን ይቆርጠዋል። የቅቤ ስብ 4 ካርቦን ብቻ ያለው ቡቲሪክ አሲድ ስላለው፣ ይህ ሲቆረጥ ወዲያው ይሸታል። የበሳል ቅቤ ጠንካራ ሽታ ከዚህ ነው። ይህ ኦክስጅን ከሚያመጣው መከርፋት የተለየ ነው፤ አንዱ በውኃና በኢንዛይም፣ ሌላው በአየር ይመጣል። ማንጠር የመጀመሪያውን ያቆማል፣ ቅመሙ ደግሞ ሁለተኛውን ያዘገያል።

ድስቱ ወፍራም መቀመጫ ያለው ይሁን፣ እሳቱ መለስተኛ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ቅቤው ውኃው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ አካባቢ ይቆያል፤ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ የውኃው ነው። የመጀመሪያውን ነጭ አረፋ ግፈፉ። ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ የሚገቡት ድምፁ ጋብ ማለት ሲጀምር ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከተጨመረ ግን የራሳቸው ውኃ ስላላቸው ቀደም ብለው ይግቡ። ድምፁ ሲጠፋ ውኃው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ የሚያቆመው ስለሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ከ120 ዲግሪ ያልፋል። ታች ያለው ዝቃጭ ወርቃማ ሲሆን አውርዱ። ቡናማው ከጠቆረ ቅቤው መራራ ይሆናል፤ ቀድሞ ከወረደ ውኃ ስለሚቀርበት በሳምንታት ውስጥ ይጠነባል። አስር ደቂቃ አስቀምጣችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉ፣ ዝቃጩን አትጭመቁ፤ ከጨመቃችሁት ፕሮቲኑና ውኃው ተመልሶ ይገባል። ማስቀመጫው ፍጹም ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ማንኪያም አይግባበት።

ውጭ አገር በሱፐርማርኬት ቅቤ የምትሠሩ ጨው የሌለውን ግዙ። አንዱ ፓውንድ 454 ግራም ነው፣ 80 በመቶው ስብ ስለሆነ 350 ግራም ገደማ ንጥር ይወጣዋል። ከ380 በላይ ካገኛችሁ ውኃው አላለቀም ማለት ነው።

ማንጠር ሳቹሬትዱን አይቀንሰውም። እንዲያውም ውኃው ስለወጣ በማንኪያ ሲለካ ይጨምራል። ጥቅሙ ለመቆየትና ለጣዕም ነው፤ ወጥ ከበሰለ በኋላ በመጨረሻ የምትጨመር አንዲት የሻይ ማንኪያ ሽታውን በሙሉ ትሰጣለች፣ ከመጀመሪያ አብራ ብትበስል ግን ግማሹ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

መጥበስ

ለአብዛኛው ቤት ትልቁ የጤና ስህተት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ወጥ ውስጥ የገባ የኑግ ዘይት ብዙም አይጎዳም፤ ሽንኩርቱ ውኃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠበስበት ዘይት ግን 170 እስከ 180 ዲግሪ ላይ ነው፣ አየርም ያገኘዋል። እዚያ ሙቀት ላይ ሊኖሌይክ አሲድ አልዲሃይድ ወደሚባሉ ጎጂ ውሁዶች ይሰባበራል፣ የተረፉት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ዘይቱን ያወፍሩታል፣ ከምግቡ የወጣው ውኃ ደግሞ ሰንሰለቶቹን ከግሊሰሮሉ አላቅቆ ነጻ ፋቲ አሲድ ያደርጋቸዋል። ነጻ ፋቲ አሲድ ሲበዛ ዘይቱ ከበፊቱ በዝቅተኛ ሙቀት ይጨሳል። ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ከግሊሰሮል የሚወጣው አክሮሊን ነው፤ እሱን ካያችሁ እሳቱ በዝቷል ወይም ዘይቱ አልቆለታል።

ስለዚህ በብዙ ዘይት ለመጥበስ ኑግን፣ ሱፍንና ተራውን የሱፍ አበባ ዘይት አልመርጥም። ኦሌይክ የበዛበት የሱፍ አበባ ወይም ካኖላ ይሻላል። ፓልም ኦሌን ለዚህ ሥራ በኬሚስትሪ ጠንካራ ነው፤ ምግብ ቤቶች የሚወዱት ስለሚረክስ ብቻ ሳይሆን ስለሚቆይም ነው። በወር አንዴ ለሚጠበስ ሳምቡሳ ፓልም መጠቀም፣ ኑግን አምስቴ ከመጥበስ ይሻላል። ለዕለት ወጥ ግን ፓልሙ ይቅር።

ጠባብና ረጅም ድስት ምረጡ፤ አየር የሚነካው የዘይቱ ፊት ሲያንስ ጉዳቱም ያንሳል። ቁራሽ ሊጥ ጣሉበት፤ ወዲያው በአረፋ ተከብቦ ከተነሣ ደርሷል፣ ታች ከቆየ ገና ነው፣ በሰከንዶች ከጠቆረ አልፏል። ያልጋለ ዘይት ምግቡ ውስጥ ይሰርጋል፤ በአንዴ ብዙ ሳምቡሳ መክተትም ሙቀቱን አውርዶ ያንኑ ያመጣል። ባዶውን እሳት ላይ አታቆዩት፤ ምግቡ ውስጥ ሳለ የሚወጣው እንፋሎት አየሩን ይገፋዋል፣ ባዶ ሲግል ግን መከላከያ የለውም። ሲያልቅ አቀዝቅዛችሁ በጨርቅ አጥልሉት፤ የቀረው ፍርፋሪ በሚቀጥለው ጊዜ ያርርና የዘይቱን መበላሸት ያፋጥነዋል። የነሐስና የመዳብ ዕቃ አይነካው፤ መዳብና ብረት በጣም ጥቂት መጠን እንኳ ቢሟሟ መከርፋቱን ያፈጥናሉ። የቤት ዘይት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይበቃዋል። ሲጠበስ የሚነሣው አረፋ ትልልቅ ሆኖ ወዲያው የሚፈነዳ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቃቅን፣ ቢጫና የማይጠፋ አረፋ ከሸፈነው፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ማር ከከበደ ጣሉት። ግማሹን ደፍቶ በአዲስ መሙላት አሮጌውን አያድነውም፤ አዲሱን ያበላሸዋል። በርካታ የአውሮፓ አገሮች የምግብ ቤት ዘይት ውስጥ የተበላሹ ውሁዶች 24 ወይም 25 በመቶ ሲደርሱ እንዲጣል በሕግ የወሰኑት ለዚህ ነው። ፓስቲ የምትገዙበት ቦታ ዘይቱ ቡና ከመሰለ ሌላ ቦታ ግዙ።

ኑግና ተልባ እንዴት ይቀመጡ?

በአነስተኛ መጭመቂያ የወጣ የኑግ ዘይት ያልተጣራ ስለሆነ ውኃና ሙጫ መሰል ነገር ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ወይም ቀን ተኩል አስቀምጡትና ከዝቃጩ በላይ ያለውን ብቻ ገልብጡ። ጠቆር ባለ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉት፤ ክሎሮፊል ካለበት ብርሃን ሲያገኘው ኦክስጅንን ስለሚያነቃው በፀሐይ መስኮት ላይ በቀናት ይበላሻል። ጥቂት ጥቂት ግዙ፤ ለዓመት የሚበቃ ጀሪካን መግዛት ለፓልም እንጂ ለኑግ አይሆንም። ቀለም ቀለም ወይም አሮጌ ፍሬ ከሸተተ አብስላችሁ ልታስተካክሉት አትችሉም።

ተልባ ዘይቱ ከግማሽ በላይ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ 1.6 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ለአዋቂ ወንድ በቀን የሚመከረው ይህንኑ ያህል ነው፣ ለሴት 1.1። አልፋ ሊኖሌኒክ ኦሜጋ 3 ከሚባሉት ፋቲ አሲዶች አንዱ ነው፤ በጾም ወራት ዓሣ ለማይበሉ ሰዎች ተልባ ጥሩ ምንጩ ነው። ሰውነት ከዚህ ውስጥ ወደ ዓሣ ዘይት ዓይነቱ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው፣ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ሙሉ ፍሬው አብዛኛው ሳይፈጭ ያልፋል፤ መወቀጥ አለበት። ለስለስ ባለ እሳት ጥቂት ብቻ ቁሉት፣ የወቀጣችሁትን በሳምንት ውስጥ ጨርሱት፣ ፍሪጅ ካለ እዚያ አስቀምጡት። ፍሬው ሳይወቀጥ ግን ለወራት ይቆያል፤ ልጣጩ ዘይቱን ከአየር ይጠብቀዋል።

ስለ ትራንስ ፋት

ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን በ1902 ፈሳሽ ዘይት ላይ ኒኬልን አድርጎ ሃይድሮጂን የሚጨመርበትን ዘዴ አስመዘገበ። ሃይድሮጂኑ ሥራውን ሳይጨርስ ሲቆም ከቀሩት ድርብ ትስስሮች የተወሰኑት ይገለበጣሉ፤ ሰንሰለቱ ድርብ ትስስር እያለው ቀጥ ይላል። ኦሌይክ በ13 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ የተገለበጠው ወንድሙ ኢላይዲክ በ45 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ይህ ኤልዲኤልን ያነሣል፣ በዚያ ላይ ኤችዲኤልን፣ «ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚባለውን፣ ይቀንሳል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረጉ ከሳቹሬትድ የከፋ ያደርገዋል። ዴንማርክ በ2003 ወሰነችበት፤ አሜሪካ በ2015 ደህንነቱ እንደማይታመን አውጃ ከ2018 ጀምሮ ከምግብ ማስወጣት ጀመረች።

መግለጫው ላይ የምትፈልጉት «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ነው፤ ማርጋሪን፣ የአትክልት ቅቤ፣ ብስኩትና የኬክ ክሬም ላይ ተመልከቱ። «ሙሉ በሙሉ ሃይድሮጅን የተጨመረበት» ከሆነ ድርብ ትስስር ስለማይቀር ትራንስ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው ሳቹሬትድ ነው። ከላም ቅቤ ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ተፈጥሯዊ ትራንስ አለ፣ ከከርሷ ባክቴሪያዎች የሚመጣ። ቤት ውስጥ መጥበስ ደግሞ የሚፈጥረው ትራንስ በጣም ትንሽ ነው፤ የተደጋገመ ዘይት ጉዳቱ ከላይ የገለጽኩት ነው።

የላቦራቶሪ ወረቀት

ውጤቱ ላይ «ትራይግሊሰራይድ» ከፍ ብሎ ሲታይ ብዙ ሰው ዘይት ማቆም ይጀምራል። ያ ቁጥር ይበልጥ የሚነሣው በስኳር፣ በለስላሳ መጠጥ፣ በአልኮልና ከልክ በላይ በመብላት ነው፤ ጉበት ትርፉን ስኳር ወደ ስብ ለውጦ ወደ ደም ይልከዋል። ሳቹሬትድና ትራንስን በመቀነስ የሚወርደው በዋናነት ኤልዲኤል ነው፣ ለውጡም በሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህ ዘይት ከቀየራችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ መለካት ይበቃል። የምርመራው ጊዜ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በዐቢይ ጾም ማብቂያ የተሠራ ምርመራ ቅቤና ሥጋ የሌለባቸውን ስምንት ሳምንታት የሚያሳይ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ የሚሠራው ደግሞ ከዚያ ሊለይ ይችላል። ሐኪሙ የጾም ጊዜ መሆኑን ካልነገራችሁት ላያውቅ ይችላል፣ በተለይ ውጭ አገር፤ መድኃኒት ለመጀመር ወይም ለማቆም የሚወሰን ከሆነ በጾምና በፍስክ የተሠሩትን ሁለቱንም ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።